«ምናባዊ ማሽን» እና የትውስታው ልክ

የሙያ ቃል የሚመዘነው በምንጩ ንጽሕና ብቻ ሳይሆን በሥራ ላይ በሚያስከትለውም ውጤት ነው። በስልክና በኮምፒዩተር ትርጉሞች ዘንድ ሥር የሰደዱት «ምናባዊ» እና «ማህደረ ትውስታ» ሁለቱም ለጆሮ ያምራሉ፤ በእኛ አስተያየት ግን ሁለቱም ሠራተኛውን ያሳስታሉ።

በአንድ ብርቱ ኮምፒዩተር ላይ፣ ለየብቻቸው የቆሙ መስለው የሚሠሩ ብዙ ኮምፒዩተሮችን በፕሮግራም ማቋቋም ይቻላል። የአይቢኤም ቪኤም/370 ይፋ የሆነው በ1964 ዓ.ም.፣ የአማርኛ አካዳሚ በተቋቋመበት ዓመት ነው። እነዚህ ማሽኖች የራሳቸው አካል የላቸውም፤ የሚወስዱት ትውስታ ግን እውነተኛ ነው። 64 ጊጋባይት ባለው ኮምፒዩተር ላይ ለአራት ማሽኖች ለእያንዳንዳቸው 16 ጊጋባይት ቢደለደልና ሁሉም ድርሻቸውን ቢጠቀሙበት፣ ለኮምፒዩተሩ ለራሱ የሚተርፍ የለም። ትውስታ ሲያልቅ መረጃው ወደ ዲስክ ይገፋል፤ ዲስክም ከትውስታ እጅግ የዘገየ ስለሆነ ማሽኖቹ አብረው ያነክሳሉ።

እንግዲህ በካማሺ የአንድ መሥሪያ ቤት ኮምፒዩተሮችን የሚጠብቅ፣ አፉን በጉሙዝኛ የፈታ ባለሙያ አለ እንበል። አማርኛ ለእርሱ የክልሉ የሥራ ቋንቋ ነው። መመሪያውን የሚረዳው ቃሉ በዕለት ንግግር ባለው ትርጉም እንጂ ተርጓሚው በልቡ በያዘው ፍቺ አይደለም። «ምናብ» ደግሞ የሌለውን በሐሳብ መፍጠር ነው። ምናባዊ ለተባለ ማሽን ትውስታ ለመስጠት ማን ይሳሳል? ስሕተቱ ሲገለጥም ተጨማሪ ትውስታ ከአዲስ አበባ ገዝቶ ለማምጣት መንገዱ ሩቅ ነው።

እኛ «ደባል ማሽን» ቢባል እንመርጣለን። ደባል በሰው ቤት አብሮ የሚኖር ነው፤ የራሱ ቤት ባይኖረውም የሚተኛበት ቦታ ግን የእውነት ነው፤ ቤቱንም ያጣብባል። ቃሉ የቀበሌ ቤት ይሸታል የሚል ይኖራል። ይሽተት! «አስተናጋጅ» የተባለው ዋናው ኮምፒዩተርም ከምግብ ቤት ሥራው ተገላግሎ «ባለቤት» ይባላል። ፕሮግራሙ ካለው በላይ ሰፊ ትውስታ ያለው መስሎት ለሚሠራበት ለሌላው ዘዴ ግን «ምናባዊ ትውስታ» ቢባል አንቃወምም፤ በዚያ ስፋቱ በከፊል የምናብ ነውና።

«ማህደር» (በጥንቃቄ ሲጻፍ «ማኅደር») መጽሐፍ የሚያድርበት የቆዳ ከረጢት፣ በቢሮም የሰነድ መያዣ ነው። ሁለቱም የተሰጣቸውን አቆይተው ያስረክባሉ። የኮምፒዩተር ትውስታ ግን መብራት ሲጠፋ የያዘውን ሁሉ ይረሳል። ማኅደርነት የሚስማማው ለዲስክ ነው። «ሜሞሪ» እንዳይባል፣ በየሱቁ ሜሞሪ ማለት የስልክ ካርድ ሆኗል። «ትውስታ» ብቻውን ይበቃል፤ ባለሙያዎች «ራም» ቢሉም አንከሳቸውም።

ለእያንዳንዱ ማሽን ልኩን የመስጠቱ ሥራ «ትክክለኛ መጠን መስጠት» ተብሎ ተተርጉሞ አይተናል። ይህ ቃል ሳይሆን ማብራሪያ ነው፤ ጉድለቱም ከርዝመቱ ይልቅ ሐሳቡን አንድ ጊዜ ተሰጥቶ የሚያልቅ ማስመሰሉ ነው። «ምጣኔ» የሚል ቃል እያለን ለምን እንቸገራለን? የቤተሰብ ምጣኔ ስንል ቁጥርን ከአቅም ጋር ማስማማት ማለታችን ነው። ምጥን ሽሮም ቅመሙ ሁሉ ለሽሮው ልክ ተመጥኖ የገባበት ነው፤ ነጭ ሽንኩርቱ ለብቻው ትክክል ቢሆን አይጠቅምም። የትውስታ ምጣኔም እንዲሁ ነው። የአንዱ ደባል ድርሻ የሚወሰነው ከሌሎቹ ድርሻና ከባለቤቱ ፍላጎት ጋር ተገናዝቦ፣ በተለካ አጠቃቀም ነው። ልኬቱም ወቅቱን ማወቅ አለበት፤ በኅዳር የተለካ የሒሳብ ክፍል ማሽን ሰኔ 30 ቀን የበጀት መዝጊያ ላይ የሚፈልገውን አያሳይም።

ባለቤቱ ከደባሉ ትርፍ ትውስታ የሚያስመልስበት ዘዴም በባዕድ ቋንቋ በፊኛ ተሰይሟል። በደባሉ ውስጥ ፊኛ እንደሚነፋ ያህል ቦታ ተይዞ፣ የተያዘው ለባለቤቱ ይመለሳል። ፊኛ በእኛም ዘንድ የሕፃናት መጫወቻ ስለሆነ ምሳሌው ያስኬዳል፤ ቃሉ የሽንት ከረጢትም መሆኑን የሚያስታውስ አንባቢ ፈገግ ቢል ጉዳት የለውም።