ባዶው ገንዳ

ፍራንክፈርት ያሉት ጡረተኛ ጎረቤቴ ሁለት የዓሣ ገንዳ አላቸው፤ አንዱ ሳሎን፣ ሌላው ምድር ቤት። የሳሎኑን ያየ እንግዳ ፎቶ ሳያነሣ አይወጣም። ሰፋፊ ቅጠል፣ እየተጠማዘዘ የወረደ የዛፍ ሥር፣ ነጭ አሸዋ፣ በመሀሉ የሻይ ሰሐን የሚያካክሉ ስድስት ዲስከሶች ሲንጎማለሉ። የምድር ቤቱን ያየ ግን «ገና ሊያደራጁት ነው?» ይላል። መስታወት፣ ውሃ፣ የስፖንጅ ማጣሪያ፣ ማሞቂያ፣ የጀበና አንገት የመሰለ የሸክላ ሾጣጣ። ወለሉ ላይ አንዲት ጠጠር የለችም። እኔ የእጃቸውን ሙያ ማየት ስፈልግ የምወርደው ወደዚያ ነው።

የሳሎኑን ማቃለሌ አይደለም። ዲስከስ የአማዞን ዓሣ ነው፤ ከ28 እስከ 30 ዲግሪ የሚሞቅ፣ ማዕድኑ ያነሰ ውሃ ይፈልጋል። ብዙ የገንዳ ተክል ደግሞ በዚህ ሙቀት ይጠወልጋል። ከሚችሉት አንዱ አኑቢያስ ነው፤ ግንዱ አሸዋ ውስጥ ከተቀበረ ግን ይበሰብሳል። ስለዚህ ጎረቤቴ በጥቁር ክር ከእንጨቱ ጋር ያስሩታል፤ ከወራት በኋላ ሥሩ ራሱ እንጨቱን ሲጨብጥ ክሩን ይበጥሱታል። የአማዞን ሰይፍ የሚባለውን ባለ ብዙ ሥር ተክል በሸክላ ማሰሮ ተክለው ማሰሮውን ከእንጨቱ ጀርባ ሸሽገውታል፤ አሸዋው ስስ እንዲሆን ነው። የፊተኛው ጥግ እንደ ተጠረገ አውድማ ባዶ ነው፤ ምግብ የሚጥሉት እዚያ ብቻ፣ የተረፈውን የሚለቅሙትም ከዚያው። ተክሎቹ ከዓሣው የሚወጣውን አሞኒያና ከእሱ የሚመጣውን ናይትሬት እየተመገቡ ያግዟቸዋል። ይሁንና የዱሩ ዲስከስ የሚሸሸገው ውሃ ውስጥ በወደቀ ዛፍና በሥር መካከል ነው እንጂ በአትክልት ቦታ አይደለም። ቅጠሉ የተተከለው ለእኛ ዓይን ነው።

ይህን ሳላውቅ አራት ጫጩት ዲስከሶች ገዝቼ ጥቅጥቅ ያለ ተክል ውስጥ ለቀቅኳቸው። በቀን አንዴ አበላቸው ነበር። ከወራት በኋላ ጎረቤቴ መጥተው አዩአቸውና ስለ ቀለማቸው አንድም ቃል አልተናገሩም፤ የዓሦቹን ዓይን ብቻ ጠቆሙኝ። ሰውነቱ ማደግ ያቆመ ዲስከስ ዓይኑ ማደጉን አይተውም፤ ፊቱ ላይ የተለጠፈ ቁልፍ ይመስላል። ከዚያ በኋላ ቢቀልቡትም ዋጋ የለውም።

እሳቸው በምድር ቤቱ ባዶ ገንዳ የሚያሳድጓቸውን ጫጩቶች በቀን አምስትና ስድስት ጊዜ ያበላሉ። ጅማትና ስቡ የተለቀመለት የበሬ ልብ ከሽሪምፕና ከስፒናች ጋር ፈጭተው፣ በረዶ ሆኖ ከጠጠረ በኋላ እንደ ቸኮሌት ይሰባብሩታል። ይህ ምግብ ዓሣውን ያፋፋል፣ ውሃውን ግን ቶሎ ያበላሻል፤ የወለሉ ባዶነት ለዚህ ነው። ጠዋት ቀጭን ቱቦ ይዘው ይቆማሉ። ውሃውን አያናውጡትም፤ የቱቦውን አፍ ከመስታወቱ አንድ ጣት ከፍ አድርገው ከጥግ ወደ ጥግ ሲነዱት ዓሦቹ እንኳ አይደነግጡም። ከመምጠጣቸው በፊት ግን ጎንበስ ብለው ያያሉ፣ እናት የሕፃኗን ጨርቅ እንደምታይ። ጠቆር ያለ ዓይነ ምድር ደኅና ነው። ነጭ ክር የመሰለ ከታየ፣ በተለይ ዓሣው ጠቁሮ ጥግ ከያዘ፣ አንጀቱ ውስጥ ተውሳክ ሳይገባ አልቀረም። አሸዋ ላይ ይህን ማን ያነበዋል? የሚተካው ውሃ ማታውኑ በርሜል ውስጥ አየር እየተነፋበት ሲሞቅ አድሯል። ቴርሞሜትር አላቸው፤ ሆኖም መጨረሻ ላይ ክርናቸውን ይነክሩበታል።

በዚሁ ገንዳ ጥንድ ዲስከሶች ሲራቡ ዕንቁላሎቻቸውን የሚያጣብቁት ሾጣጣው ላይ ነው። ሁለት ቀን ተኩል ገደማ ሲሞላ ይፈለፈላሉ፤ ከጥቂት ቀናት በኋላ ደግሞ መዋኘት ይጀምራሉ። ያኔ ነው ትንፋሼን የምይዘው። የቅንድብ ፀጉር የሚያካክሉት ጫጩቶች ወደ ወላጆቻቸው ጎን ተምመው ከቆዳቸው የሚወጣውን ልጋግ ይለቅማሉ፤ ዲስከስ ልጆቹን የሚመግበው በገላው ነው። የፕሊመዝ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጡት ጥናት፣ ወላጆች በሚሆኑበት ወቅት በልጋጉ ውስጥ ያለው ፕሮቲንና ፀረ እንግዳ አካል እንደሚጨምር አሳይተዋል። አባት ሲደክመው ፈጠን ብሎ ይርቃል፤ መንጋው በአንዴ ወደ እናት ይዞራል። ጫጩቶቹ ወላጅን የሚለዩት በጥቁረቱ ስለሚመስል፣ ጠቆር ያለ ነገር ሁሉ ያሳስታቸዋል። ጎረቤቴ ጥቁሩን ስፖንጅ አውጥተው ፈዘዝ ያለውን የተኩት፣ ጀርባውንም ውሃ ሰማያዊ የቀቡት ለዚህ ነው። እዚያ ገንዳ ውስጥ እናትና አባት ካልሆኑ በስተቀር ወደ የትም የሚያስኬድ ነገር እንዳይኖር አድርገዋል።

ከከተማችን አፍንጫ ሥር ባለችው ባድ ሆምቡርግ ሐኪሙ ኤድዋርድ ሽሚት-ፎከ ዲስከስን በማርባት ስማቸው ገንኗል። ጎረቤቴ ይህን ስም ሲጠሩ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፤ የነፍስ አባታቸውን የሚጠሩ ይመስል።

ባለፈው ቅዳሜ ስወርድ ቱቦውን ጠቅልለው ጨርሰው ነበር። የእጅ ባትሪ አብርተው ወለሉን በአግድም ቃኙት፤ ከማሞቂያው ሥር ጤፍ የምታህል የልብ ፍርፋሪ ጥላዋን ጣለች። ቱቦውን እንደገና ፈቱት።