የፈሳሽ ክሪስታል ሌዘር፦ ተስፋው በሐኪም ሚዛን

የካምብሪጅ ተመራማሪዎቹ ሃሪ ኮልስና ስቲቨን ሞሪስ እ.ኤ.አ. በ2010 በኔቸር ፎቶኒክስ መጽሔት ያሳተሙት የዳሰሳ ጽሑፍ የፈሳሽ ክሪስታል ሌዘርን የሚመለከቱ ጥናቶችን አሰባስቦ ያቀርባል። ከሚጠበቁት ጥቅሞች መካከልም አነስተኛ የሕክምና መመርመሪያ መሣሪያዎችን ይጠቅሳል። ሐኪም ሊመዝነው የሚገባው ይህንኑ ተስፋ ነው።

የቁሱ መነሻ ለሕክምና ባዕድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1888 ኦስትሪያዊው ፍሪድሪኽ ራይኒትዘር ከኮሌስትሮል የተገኘ ውሕድ ሲያሞቅ፣ ውሕዱ በ145.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ወደ ድፍርስ ፈሳሽነት ቀለጠ፤ ጥርት ያለው ግን በ178.5 ዲግሪ ነበር። በዚህ ዓይነት ፈሳሽ ውስጥ ሞለኪውሎቹ እንደ ጠመዝማዛ ደረጃ ስለሚደረደሩ የተወሰነ ቀለም ያለውን ብርሃን መልሰው ያንጸባርቃሉ። ፍሎረሰንት ማቅለሚያ ተጨምሮበት በሌላ ብርሃን ሲቀሰቀስ፣ የተለመደው ሌዘር የሚሻቸው መስተዋቶች ሳይኖሩ ጨረር ያመነጫል። የጥምዝምዙ ርዝመት በሙቀት ወይም በኤሌክትሪክ ኃይል ሲለወጥ የጨረሩም ቀለም አብሮ ይለወጣል።

የጽሑፉ ብርቱ ጎን እዚህ ላይ ነው። በቤተ ሙከራ ናሙና ላይ የሚጨመሩ ማቅለሚያዎች እያንዳንዳቸው ለየራሳቸው ቀለም ብርሃን ስለሚመልሱ፣ ቀለሙን የሚቀያይር አንድ ምንጭ የብዙ ሌዘሮችን ሥራ ሊያከናውን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2012 የካምብሪጅ ተመራማሪዎች ፈሳሽ ክሪስታሉን በቀለም ማተሚያ ስልት ማተም እንደሚቻል ማሳየታቸውም ተስፋውን አጠናክሮታል።

ይሁን እንጂ «አነስተኛ» የሚለው ቃል ጥንቃቄ ይሻል። የሌዘሩ ንጣፍ ውፍረት በማይክሮሜትር ቢለካም፣ እንዲያበራ የሚቀሰቅሰው አብዛኛውን ጊዜ ሌላ፣ በምት የሚሠራ ሌዘር ነው። የሁለቱ መጠንና ዋጋ ሳይደመር መሣሪያው ትንሽ ነው ማለት አይቻልም። ማቅለሚያውም ደጋግሞ በተቀሰቀሰ ቁጥር እየደበዘዘ ይሄዳል።

ከሁሉ በላይ ለተመራማሪው በጎ የሆነው ጠባይ ለሐኪሙ ሥጋት ሊሆን ይችላል። ሙቀት የጨረሩን ቀለም መለወጡ በቤተ ሙከራ መልካም ነው፤ የክፍሉ ሙቀት ከማለዳ እስከ ቀትር በሚለዋወጥበት ጤና ጣቢያ ግን፣ መቆጣጠሪያ ካልተበጀለት፣ የተሳሳተ ውጤት ያስከትላል። በተሳሳተ ውጤት የሚጎዳውም ታማሚው ነው።

ስለዚህ ጽሑፉ የፊዚክሱን ደረጃ ለማወቅ ለሚሻ አንባቢ እጅግ ጠቃሚ ነው። የሕክምናውን ተስፋ ለመቀበል ግን የንጣፉ ቅጥነት ብቻ በቂ ማስረጃ አይሆንም፤ ሙሉው መሣሪያ በታማሚ ናሙና ተፈትኖ፣ ዛሬ የሰጠውን ውጤት ነገም ሊደግም ይገባል።