«ዘ ላቭ ቦት» እና የስድስት ሰዓት ቀጠሮ

እ.ኤ.አ. ከ1977 እስከ 1986 በኤ.ቢ.ሲ. ቴሌቪዥን የታየው «ዘ ላቭ ቦት» የተሰኘ ተከታታይ ፊልም ለብዙዎቻችን እንግዳ አይደለም። በየሳምንቱ አዲስ መንገደኛ ይሳፈራል፤ ይጣላል፣ ይታረቃል፣ ይፋቀራል፤ በመጨረሻም ካፒቴን ስቱቢንግና ባልደረቦቹ ይሰናበቱታል። ታክሲ ከመንዳቴ በፊት የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነበርኩና፣ እርማት እንደያዘ ሰው ልተቸው።

የፊልሙ ትልቁ ጉድለት መገናኘትን ማቅለሉ ነው። ሰው የፈለገውን ሰው በር ሲከፍት ያገኘዋል። የፊልሙ መርከብ «ፓስፊክ ፕሪንሰስ» የምትጭነው መንገደኛ 1,000 እንኳ አይሞላም ነበርና፣ ለዚያ ዘመን ይሁን እንበል። ዛሬ ግን ከሲያትል ወደ አላስካ ከሚሄዱት መርከቦች አንዳንዶቹ ከ4,000 በላይ ይጭናሉ።

ባለፈው ሐምሌ ስድስት ሆነን ከሲያትል ተሳፈርን። መርከቡ ከወደብ ሲርቅ ስልካችን መስመር አጣ፤ በሳተላይት መደወል ደግሞ ኪስ ያራቁታል። በመርከቡ ዋይፋይ መልእክት የሚያደርስ አፕ አለ፤ የሚረባው ግን ሁለቱም ወገን ሲጭኑትና ሲከፍቱት ነው። አብረውን የነበሩት እናት አልጫኑትም። «በስድስት ሰዓት ምግብ ቤቱ በር ላይ እንገናኝ» አልኳቸው። እኔ እንደ ሥራዬ ልማድ በፈረንጅ ሰዓት የማታውን ማለቴ ነው፤ እሳቸው በአገራችን አቆጣጠር ቀትር መስሏቸዋል። ስኳር ስላለባቸው ኢንሱሊናቸውን ተወግተው፣ «ልጆቼ ይምጡ» ብለው ምግብ ሳይቀምሱ ሲጠብቁ እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። እኔ ላይኛው ፎቅ ሆኜ የበረዶ ተራራ እመለከት ነበር። ጁስ ሰጥታ ያተረፈቻቸው አንዲት አስተናጋጅ ናት።

እዚህ ላይ ለፊልሙ ነጥብ ልስጠው። ቴድ ላንጅ የሚጫወተው የመጠጥ አሳላፊ፣ አይዛክ፣ ብቻውን የተቀመጠን ሰው ቶሎ ያያል። ይህ ሐሰት አይደለም። ሐሰቱ ተጓዦቹ ሳይጠያየቁ መገናኘታቸው ነው።

«የሐበሻ ቀጠሮ» እያልን በማርፈዳችን ስንቀልድ ኖረናል፤ የእኔ ጥፋት ግን ማርፈድ ሳይሆን አለመጠየቅ ነው። ተማሪን «ገባህ?» ማለት አይበቃም፣ የገባውን ራሱ ይናገር ስል የኖርኩ መምህር፣ «እትዬ፣ የቀኑ ነው የማታው?» ብዬ አላጣራሁም። በቀሩት ቀናት ቀጠሯችንን «የቀን»፣ «የማታ» ብለን በወረቀት እየጻፍን በየክፍላችን በር ላይ ለጠፍን፤ ከዚያ ወዲያ ማንም ማንንም አላጣም።

ፊልሙን ለመዝናናት እዩት። ስትሳፈሩ ግን ወረቀትና እስክሪብቶ አትርሱ።