የሁለተኛ ዕድሜ ፍቅር
ስለ ቻይና የዳግም ሕይወትና ያልታሰበ ጋብቻ ድራማዎች

ድሬዳዋ ከባሕር ማዶ የሚመጣውን እንግዳ ነገር ከብዙዎቹ የሀገሪቱ ከተሞች ቀድማ ስትቀበል የኖረች ከተማ ናት። ከጅቡቲ የተነሣው የመጀመሪያው ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1902 ደርሶ ቆረቆራት። ቻይናውያን ኩባንያዎች የሠሩት የኤሌክትሪክ ባቡር መሥመር መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ተመረቀ። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያም አገልግሎቱን በሙከራ የጀመረው ነሐሴ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. በዚችው ከተማ ነው። ሐዲዱ ዕቃ ያወርዳል፤ ስልኩ ደግሞ ታሪክ ያወርዳል። ስልክ በሚሠራበት ሁሉ፣ በከተማዋ ሰፈሮችም ሆነ እንደ ዋሂል ባሉት የገጠር ቀበሌዎች፣ ያለ ቲያትር ቤትና ያለ ትኬት ከሚታዩት ታሪኮች መካከል የቻይና የፍቅር ድራማ ይገኝበታል። ይህን ድራማ «እንቶ ፈንቶ» ብሎ ማለፍ ለሐያሲው ይቀልለው ይሆናል፤ ተመልካቹን ግን መናቅ ነው።

ሴራው በአጭሩ ይነገራል። በባልዋና በእህትዋ የተከዳች ሴት ትሞታለች፤ ዓይኗን ስትገልጥ ግን ከሠርግዋ ቀን በፊት ራሷን ታገኛለች፤ የሚመጣውንም ሁሉ ታውቃለች። ወይም የዛሬዋ የቢሮ ሠራተኛ አደጋ ይደርስባትና በጥንት ነገሥታት አዳራሽ ትነቃለች። ወይም ደግሞ ድኻዋ ልጅ በችኮላ ያገባችው ተራ ሰው የትልቅ ኩባንያ ጌታ ሆኖ ይገኛል።

ነገሩ የትናንት ፈጠራ አይደለም። ታንግ ሺያንዙ የተባሉት ጸሐፌ ተውኔት እ.ኤ.አ. በ1598 በፈጸሙት «ሙዳን ቲንግ» በተሰኘው ተውኔት፣ ዱ ሊኒያንግ በሕልሟ ባየችው ወጣት ፍቅር ተቃጥላ ትሞታለች፤ ከሦስት ዓመት በኋላም በፍቅር ኃይል ከመቃብር ትነሣለች። ከዚህ ጀርባ ነፍስ እየተመላለሰች ትወለዳለች የሚለው የቡድሃ ሃይማኖት ትምህርት አለ። በቻይናውያን አፈ ታሪክ ነፍስ ዳግመኛ ከመወለዷ በፊት ሜንግ ፖ ከተባለችው አሮጊት እጅ የመርሳት ሾርባ ትጠጣለች። የዛሬዎቹ ባለ ታሪኮች ልዩነታቸው ይህን ሾርባ አለመቅመሳቸው ነው፤ በደላቸውን አንድ በአንድ ያስታውሳሉ።

ታሪኩ አማርኛ ሲለብስ ይህ ሥር ይቆረጣል። «ዳግም ልደት» የሚለው ቃል ለክርስቲያኑ ጆሮ ጥምቀት ነው። ለሙስሊሙ አድማጭ ደግሞ፣ የዋሂልም ነዋሪ በአብዛኛው ሙስሊም ነው፣ ሙት የሚነሣው በቂያማ ዕለት ነው። ኦሮምኛ ወይም ሶማልኛ አፉን ለፈታበት ወጣት ደግሞ አማርኛው ራሱ ሌላ ትርጉም ነው። ስለዚህ ከቻይናው እምነት የሚደርሰው ቅርፊቱ ብቻ ነው፤ በቀልና ሠርግ።

ከነዚህ ሥራዎች መካከል ከዘመዶቹ ከፍ ብሎ የሚታይ አለ። በቶንግ ኋ ልብ ወለድ ላይ ተመሥርቶ እ.ኤ.አ. በ2011 የቀረበው «ቡ ቡ ጂንግ ሺን» አንዲትን የዘመናችን ሴት ወደ ንጉሠ ነገሥት ካንግሺ ዘመን ይወስዳታል። ከልዑላኑ ማን እንደሚነግሥና ማን እንደሚወድቅ ከታሪክ መጽሐፍ ታውቃለች። የምትወደውን ስምንተኛውን ልዑል ለማዳን ከአራተኛው ልዑል እንዲጠነቀቅ ትነግረዋለች፤ ያ ምክር ራሱ የጠቡን እሳት ይለኩሰዋል። እዚህ ላይ ዕውቀት ሸክም ነው፤ የሚያውቅ ሰው ንጹሕ ሆኖ አይቀርም። አብዛኞቹ ተከታዮቹ ግን ዕውቀትን ወደ ቁማርተኛ ካርታ አወረዱት።

የቻይና መንግሥት በዚያው ዓመት የዘመን ጉዞ ድራማዎችን ታሪክን ያቃልላሉ ሲል ነቀፋቸው። እነሱ ግን መልካቸውን ለውጠው በስልክ ቁመት ልክ ተሰፍተው፣ በአንድና በሁለት ደቂቃ ክፍል ተከታትፈው ተመለሱ። እ.ኤ.አ. ከ2022 መጨረሻ ጀምሮ በተካሄደ የጥቂት ወራት ዘመቻ ከ25 ሺህ በላይ አጫጭር ድራማዎች ከመሥመር ወርደዋል፤ በ2024ም ስለ «አምባገነኑ የኩባንያ ጌታ» ድራማዎች ማሳሰቢያ ወጥቷል። ዘውጉ ግን አልጠፋም። መቀስ ፍላጎትን አይቆርጥም።

የአማርኛ ሥነ ጽሑፍም ላልታሰበ ጋብቻ እንግዳ አይደለም። በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ የታተመው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ልብ ወለድ ታሪክ» በወንድ ልብስ የተሸሸገችውን ጦቢያን ለንጉሥ ይድራታል። መንግሥቱ ለማ በ«ያላቻ ጋብቻ» ባሕር ማዶ የተማረውን የትልቅ ቤት ልጅ ከገረዱ ጋር ሲያጣምሩት ሳቁ የሚወድቀው በዘር ቆጣሪው ወገን ላይ ነው። ሠርጉ የቤቱን ሥርዐት ያናጋዋል። በቻይናው ድራማ ግን ድኻዋ ወደ ላይ ትወጣለች፤ ደረጃው ግን እንደ ቆመ ይቀራል፤ ትናንት የደቆሷት አማት ዛሬ ይሰግዱላታል፤ መስገድ ራሱ ለምን እንደኖረ ማንም አይጠይቅም። ሀዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ለበዛብህና ለሰብለ ወንጌል ሁለተኛ ዕድሜ አልሰጧቸውም። በዚህም ምክንያት የፊታውራሪ መሸሻ ትዕቢት ከአንባቢው ደረት ላይ ሳይነሣ እስከ ዛሬ አለ። ሰብለ ተመልሳ ብትወለድና አባቷን ብትበቀል ኖሮ አንባቢው እፎይ ብሎ መጽሐፉን ይዘጋ ነበር።

ይሁን እንጂ ተመልካቿን የሚይዛት ሞኝነት አይደለም። ትዳሯን ሌሎች የወሰኑላት ሴት «እንደገና ቢሆን ኖሮ» የምትለውን ቃል ከራሷ በቀር ማንም ሳይሰማው ቆይቷል። ድራማው ይህን ቃል ሰምቶ መልክ ሰጠው። በመጋቢት 2008 ዓ.ም. ቃና ቴሌቪዥን ወደ አማርኛ የተመለሱ የውጭ ድራማዎችን ይዞ ሲመጣ ከኪነ ጥበብ ሰዎች ብዙ ተቃውሞ ተነሥቶ ነበር። የሥራና የእንጀራ ጥያቄው እውነተኛ ነው፤ ነገር ግን የሀገር ውስጡ ተውኔት ለዚያች ሴት ምን ይዞላት ቀርቦ ነበር የሚለው ጥያቄ በዚያ ጩኸት መካከል እምብዛም አልተሰማም።

ዘዴውን መንቀፍ ሳይሆን በሌላ ጉዳይ ላይ መሞከር ይቻላል። በሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት በደጋው የዘነበው ዝናብ ደቻቱን ሞልቶ ድሬዳዋ ላይ ሲወርድ ከ200 በላይ ሰዎች ሞተዋል። አንዲት የዋሂል ሴት ከዚያ ሌሊት በፊት ባለው ቀን፣ የሚሆነውን ሁሉ እያወቀች፣ በገበያው መካከል ብትነቃ ምን ታደርጋለች? ወንዙ ደረቅ አሸዋ ነው፤ ፀሐዩ ያቃጥላል፤ ነጋዴው ዕቃውን ዘርግቷል። በአሸዋው ዳር ባለው ሰፈር በር ታንኳኳለች። የሚከፍትላት ሰው ሰማዩን አይቶ ይስቅባታል። ቀጥሎ ያለውን በር ታንኳኳለች። ያልተጻፈው ተውኔት የመጀመሪያ ገቢር ከዚህ ሊነሣ ይችላል፤ ባል የመምረጡ ጉዳይ ለሌላ ገቢር ይቆይ።