ልጅን ተሰናብቶ መሄድ

ጋምቤላ ውስጥ ከሕፃናት ጋር ስሠራ «ምንም የለም፣ አትፍራ» አልልም። ሚያዝያ 7 ቀን 2008 ዓ.ም. ከደቡብ ሱዳን ተሻግረው የመጡ የሙርሌ ጎሣ ታጣቂዎች በጂካዎና በላሬ መንደሮች ላይ አደጋ ጥለው ከ200 በላይ ሰው ገደሉ፤ ከ100 በላይ ሕፃናትም አፍነው ወሰዱ። ከታኅሣሥ 2006 ወዲህ ደግሞ የደቡብ ሱዳንን ጦርነት ሸሽተው በፓጋክ ድንበር በኩል የገቡ፣ ከወላጆቻቸው የተነጣጠሉ ልጆች በኩሌ፣ በቲርኪዲና በጄዊ መጠለያዎች ኖረዋል። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ፣ ይህን ያየ ልጅ እናቱ ለአፍታ ከዓይኑ ስትርቅ ይደነግጣል።

ሕፃን ስምንት ወር ገደማ ከሆነው ጀምሮ እስከ ሦስት ዓመቱ ድረስ ከእናቱ ሲለይ ቢያለቅስ ጤነኛ ነው። ካደገ በኋላ ግን ፍርሃቱ ከዕድሜው በላይ ሆኖ አራት ሳምንትና ከዚያ በላይ ሲቆይ፣ እንቅልፍና ትምህርት ሲነሳው፣ የመለያየት ጭንቀት ሕመም ይባላል። ብዙ ጊዜ ሆድ ቁርጠትና ራስ ምታት አብረውት ይመጣሉ። አገሩ ወባማ ነውና መጀመሪያ ደሙ ይመርመር እላለሁ። ወባ ካልተገኘበትና ቁርጠቱ ትምህርት ባለበት ማለዳ ብቻ እየተነሣ ቅዳሜና እሑድ የሚጠፋ ከሆነ፣ ስለ ፍርሃቱ እጠይቃለሁ። ሰፈሩ ዛሬም የሚያሰጋ ከሆነ ግን የልጁ ፍርሃት ልክ ነው፤ ከምክር በፊት ጥበቃ ይቀድማል።

አንድ የሰባት ዓመት ልጅ የአያቱን ቀሚስ ጨብጦ ክፍል አልገባም አለ። አያት ወደ እኔ ዞረው፣ «ልጄ፣ ጨዋታ ሲይዝ ሹልክ ብል አይሻልም?» አሉኝ። ሹልክ ማለት የዛሬን ለቅሶ ያስቀራል፤ ልጁ ግን ከነገ ጀምሮ ጨዋታውን ትቶ አያቱን ሲጠብቅ ይውላል። «ካለቀስክ ትቼህ እሄዳለሁ» ማለትም የፈራውን ነገር ማረጋገጥ ነው።

ስለዚህ አያት በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከኋላ ወንበር ተቀመጡ። ቀጥሎ በመስኮት ወደሚታየው የዛፍ ጥላ ወጡ። በኋላም ጀሪካናቸውን አንሥተው፣ «ቦኖ ሄጄ፣ ለዕረፍት ስትወጡ እዚህ እጠብቅሃለሁ» አሉት። የዚያን ዕለት ወረፋው ረዘመ። አያት ጀሪካኑን ወረፋው ላይ ትተው ባዶ እጃቸውን በሰዓቱ ደረሱ። ልጁ ከክፍል ሮጦ ወጥቶ አያቸውና፣ ወዲያው ወደ ኳሱ ሄደ። በማግስቱ እስከ ምሳ ሰዓት ተለያዩ።

ክፉ ቀን ዳግም አይመጣም ብዬ ለማንም ልጅ ቃል መግባት አልችልም። አያት በዕረፍት ሰዓት እንደሚመለሱ ግን ቃል መግባትም፣ መጠበቅም ይቻላል። ለወላጅ ሁሉ የማስይዘው የመጀመሪያ ሥራ ይህ ነው፦ አጭር ስንብት፣ ልጁ የሚያውቀው የመመለሻ ሰዓት፣ ያንንም ሰዓት ማክበር። አንዱ ቀጠሮ ሳይፈርስ ሲደጋገም ልጁ ቀጣዩንና ረዘም ያለውን መጠበቅ ይችላል።