ጥንቸሏ፣ ቀለሙና በረዶው

የጥንቸል ሊምፎሳይት የሚያቀልም የላብራቶሪ ባለሙያ ማይክሮስኮፑን ከመክፈቱ በፊት በረዶ መኖሩን ያረጋግጣል። ሴሎቹ ከሞቁ፣ ለማየት ብሎ የጨመረው ቀለም ራሱ ሊያይ የፈለገውን ነገር ከቦታው ያነሳበታል።

ቢ ሊምፎሳይት የሚባለው ነጭ የደም ሴል በሽፋኑ ላይ የራሱን ኢሚውኖግሎቡሊን ይዞ ይዞራል። ይህን ፕሮቲን ለማሳየት እሱኑ ለይቶ የሚይዝ ፀረ እንግዳ አካል ይዘጋጅና ፍሎረሰይን የተባለ አረንጓዴ የሚያበራ ቀለም ይለጠፍበታል። በ4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሠራ የሴሉ ዙሪያ ያበራል። ቱቦው ወደ 37 ዲግሪ ሲገባ ግን ብርሃኑ ይቆራረጥና ነጠብጣብ ይሆናል፤ በደቂቃዎች ውስጥም ነጠብጣቡ ወደ አንድ ጫፍ ተሰብስቦ ሴሉ አረንጓዴ ቆብ የደፋ ይመስላል። ቀጥሎ ቆቡ ወደ ሴሉ ውስጥ ይገባል፤ ከፊሉም ተራግፎ ይቀራል። ያን ጊዜ የደረሰ ጀማሪ «ይህ ሴል ኢሚውኖግሎቡሊን የለውም» ብሎ ቢመዘግብ አይፈረድበትም።

ምክንያቱ የፀረ እንግዳ አካሉ ሁለት ክንድ ነው፤ በአንዱ አንዱን ኢሚውኖግሎቡሊን፣ በሌላው ጎረቤቱን ይዞ ያያይዛቸዋል። ባለ አንድ ክንዱ ቁራጭ፣ ፋብ፣ ለብቻው ሲጨመር ቆብ አይሠራም። ወደ ጫፍ መጎተቱ ደግሞ የሴሉ የራሱ ሥራ ነው፦ ጉልበት የሚያመነጭበትን መንገድ የሚዘጋው ሶዲየም አዛይድ ካለ ነጠብጣቡ ይታያል፣ ቆቡ ግን አይመጣም።

ተመራማሪዎቹ ፐርኒስ፣ ፎርኒና አማንቴ በጥንቸል ሊምፎሳይት ላይ ያዩትን ነጠብጣብ እ.ኤ.አ. በ1970 አሳተሙ። በዓመቱ ቴይለር፣ ራፍና ባልደረቦቻቸው በአይጥ ሴሎች ሠርተው፣ ስርጭቱን የሚለውጠው ፀረ እንግዳ አካሉ መሆኑን አሳዩ።

ጥንቸል ለዚህ ሥራ የተመቸችው በዘር በሚወረሱት የኢሚውኖግሎቡሊን ምልክቶቿ ነው፤ እነዚህን ተመራማሪው ዣክ ኡዳን እ.ኤ.አ. በ1956 ለይቷቸዋል። ከአንዱ ወላጇ ቢ4 የተባለውን ምልክት፣ ከሌላው ቢ5ን የወረሰች ጥንቸል ሁለቱም በደሟ ይገኛሉ፤ አንድ ሊምፎሳይት ግን እንደ ደንቡ አንዱን ብቻ ይሸከማል።

ያ አስቸጋሪ ቆብ የመሥራት ባሕርይ ግን መሣሪያም ይሆናል። በአንድ ሴል ላይ ሁለት ዓይነት የሽፋን ምልክቶች ሲኖሩ፣ አንዱ በቀይ ቀለም ተይዞ በሙቀት ወደ ቆብ ይሰበሰባል፤ ከዚያ ሴሉ በረዶ ላይ ተመልሶ ሌላው ምልክት በአረንጓዴ ይቀለማል። አረንጓዴው በሙሉ ቀዩ ላይ ካረፈ ሁለቱ ምልክቶች አብረው ተጉዘዋል፤ ዙሪያውን ተበትኖ ከቀረ ተለያይተው ይኖራሉ። በዘርፉ ከዚህ የበለጠ ብልሃት ያለው ሙከራ ጥቂት ነው።

ቆቡ ወደ ውስጥ ገብቶ ባዶ የሆነው ሽፋንም ባዶ አይቀርም፤ ፀረ እንግዳ አካሉ ታጥቦ ሴሉ በማሳደጊያ ፈሳሽ ውስጥ ከቆየ በሰዓታት ውስጥ አዲስ ኢሚውኖግሎቡሊን ያወጣል። ስለዚህ «ምልክት የሌለው ሴል» የሚል ሪፖርት የሚያነብ ሰው፣ ከቁጥሩ በፊት ሴሎቹ በስንት ዲግሪ ለምን ያህል ጊዜ እንደተቀለሙ ይመልከት።