የጨረር ጥንቃቄ ሥልጠናና የመለኪያው ድርሻ

በከፋ ማንኪራ ያደገ ወጣት የሚቆላ ቡና ማረር ሲጀምር በጠረኑ ያውቃል፤ ወደ ቦንጋ ዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ ሲገባ ግን ጨረር ጠረን ስለሌለው ምስክሩ የመለኪያ መሣሪያ ብቻ ነው። ዓይንም ያሳስታል፤ እ.ኤ.አ. በ1987 በብራዚል ጎያኒያ ከተማ ከተጣለ የሕክምና መሣሪያ የወጣውን ሲዚየም 137 ሰዎች ሰማያዊ ብርሃኑን አድንቀው ተከፋፈሉት፤ አራት ሰዎች ሞቱ። ስለዚህም በትርጓሜና በጽሑፍ ፈተና ብቻ የሚደመደም የቤተ ሙከራ ሠራተኞች ትምህርት፣ የምስክር ወረቀት ቢያስገኝም፣ ሥልጠና ሊባል አይገባውም። በዓመት በአማካይ 20 ሚሊሲቨርት የሚለውን ወሰን በቃሉ ያጠና ሠልጣኝ፣ ከአነስተኛ ምንጭ ያለው ርቀት እጥፍ ሲሆን ጨረሩ ወደ ሩብ መውረዱን በእጁ ለክቶ ካላየ፣ ቁጥርን እንጂ ጥንቃቄን አልተማረም። የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ የመለኪያውን ባትሪና ትክክለኛነቱ የተረጋገጠበትን ቀን በመመርመር ሊጀመር ይገባል።